ለሥራ ቃለ መጠይቅ መዘጋጀት፦ በደሴና በኮምቦልቻ ለሚያመለክቱ ሥራ ፈላጊዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ኮምቦልቻ ውስጥ በቅጥር ኮሚቴ አባልነት በተቀመጥሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ ያየሁትና ዛሬም የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር አለ። ማስረጃው የተሟላ፣ በጽሑፍ ፈተናው ጥሩ ውጤት ያመጣ፣ ለሥራው በእርግጥ የሚመጥን ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ የሠራውን ሥራ መናገር ያቅተዋል። «በልምምድ ጊዜህ ምን ሠራህ?» ሲባል «ያው ሁሉንም ነገር እንሠራ ነበር» ብሎ አንገቱን ይደፋል። ከእሱ ያነሰ የሚያውቅ፣ ነገር ግን ያደረገውን ለይቶ የሚናገር ሌላ አመልካች ደግሞ ነጥቡን ይወስዳል። እኛ አካባቢ ስለ ራስ መናገር እንደ ጉራ ስለሚቆጠር፣ በታላቅ ፊት ድምፅን ዝቅ ማድረግም የጨዋ ልጅ ምልክት ስለሆነ፣ ይህ መሆኑ አይገርምም። አስተዳደጉን አልነቅፈውም፤ እኔም ልጆቼን ያሳደግሁት በዚሁ ነው። ሆኖም የኮሚቴ አባል በውጤት ወረቀቱ ላይ መሙላት የሚችለው በጆሮው የሰማውን ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ውስጥ ከሁሉም በላይ የምደክመው፣ አመልካቹ ጨዋነቱን ሳይጥል የሠራውን በልኩና በማስረጃ መናገር እንዲችል ለማዘጋጀት ነው። ምሳሌዎቼ ግልጽ እንዲሆኑ በአንድ የሥራ መደብ ላይ አተኩራለሁ፤ እሱም የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነው። ሌላ መደብ የሚያመለክቱ ሰዎች ምሳሌውን ወደ ራሳቸው ሙያ ይመልሱት።

አንደኛ፦ ማስታወቂያውን በጥንቃቄ ያንብቡ

ዝግጅቱ የሚጀምረው ለቃለ መጠይቅ በተጠሩበት ቀን ሳይሆን ባመለከቱበት ቀን ነው። በሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ በዚያው ጊዜ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ በጋዜጣ ወይም በቴሌግራም የወጣ ከሆነም ያስቀምጡት። ከማመልከት እስከ ቃለ መጠይቅ ሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ወራት ስለሚያልፉ፣ በተጠሩበት ጊዜ ማስታወቂያው ከሰሌዳው ተነሥቶ ያገኙታል። ምን ተብሎ እንደተጠየቁ ሳያስታውሱ መቅረብ ደግሞ ያልተገለጠ መጽሐፍ ይዞ ፈተና እንደመግባት ነው።

ፎቶውን ካነሡ በኋላ አንድ ገጽ ወረቀት ለሁለት ከፍለው በግራ በኩል ተፈላጊ ችሎታዎቹንና የሥራ ዝርዝሩን አንድ በአንድ ይጻፉ። በቀኝ በኩል ደግሞ ለእያንዳንዱ እርስዎ ያለዎትን ማስረጃ ያስፍሩ። ማስረጃ ስል ዲፕሎማ ማለቴ ብቻ አይደለም። «የንብረት ገቢና ወጪ መመዝገብ» የሚል ካለ፣ ገቢ የሚደረግበትን ሞዴል 19፣ መጠየቂያውን ሞዴል 20 እና ወጪ የሚደረግበትን ሞዴል 22 በእጅዎ ሞልተው ያውቃሉ ወይስ በክፍል ውስጥ ብቻ ተምረዋቸዋል? በቀኝ በኩል ባዶ የቀረ ቦታ ሲያዩ አይደንግጡ፤ ጠያቂዎቹ የሚጫኑዎት በየት በኩል እንደሆነ ቀድሞ ያሳየዎታልና ጠቃሚው ክፍል እሱ ነው።

በማስታወቂያው ግርጌ በአጭሩ የሚጻፉትን ቃላትም ችላ አይበሉ። «በፈረቃ መሥራት የሚችል»፣ «ተያዥ ማቅረብ የሚችል»፣ «የሥራ ቦታ ኮምቦልቻ» የሚሉት እያንዳንዳቸው ጥያቄ ሆነው ይመጣሉ። በተለይ ገንዘብ ወይም ንብረት በሚረከቡ መደቦች ላይ ተያዥ መጠየቅ የተለመደ ስለሆነ፣ ለዚህ የሚሆን ሰው ፈቃደኝነቱን አስቀድሞ እንዲገልጽልዎ ቤተሰብዎን ያማክሩ። በቃለ መጠይቁ ላይ «እጠይቃለሁ» ከማለት «አጎቴ ፈቃደኛ ናቸው፤ ከመሥሪያ ቤታቸው ደብዳቤ ማጻፍ ይችላሉ» ማለት እጅግ ይሻላል።

ሁለተኛ፦ ቀጣሪውን ይወቁት

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራ፣ የብረታ ብረትና የቆዳ ፋብሪካዎች ያሉባት ስትሆን፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ የልብስ ስፌትና ሌሎች አምራቾችን አስጠግቷል። ደሴ በአንጻሩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የሆስፒታሎች፣ የባንኮች፣ የትምህርት ቤቶችና የንግድ ከተማ ናት። ወሎ ዩኒቨርሲቲም በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው። ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ቀጣሪው መስማት የሚፈልገው ግን እሱ ራሱ ምን እንደሚሠራ ማወቅዎን ነው። ፋብሪካው ምን ያመርታል? ጥሬ ዕቃውን ከአገር ውስጥ ያገኛል ወይስ ያስመጣል? የሚሸጠው ለአገር ውስጥ ገበያ ነው ወይስ ወደ ውጭ ይልካል? በስንት ፈረቃ ይሠራል?

ለምሳሌ ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአጎዋ፣ ማለትም ምርትን ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ ከማስገባት ዕድል በመታገዷ፣ ገበያቸው አሜሪካ የነበረ የልብስ አምራቾች ተቸግረዋል። በፓርኩ ውስጥ ለሚያመለክት ሰው ይህን ማወቅ፣ «ድርጅታችን ምን ፈተና ያለበት ይመስልሃል?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ከግምት ያድነዋል። የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ደግሞ ጥሬ ዕቃው ከውጭ የሚመጣ መሆኑን ካወቀ፣ አንድ መለዋወጫ መደርደሪያ ላይ ማለቁ ከመታወቁ በፊት ትዕዛዝ መተላለፍ እንዳለበት በራሱ ሙያ መናገር ይችላል።

ይህን መረጃ ለማግኘት ከኢንተርኔት ይልቅ ሰው ይረዳዎታል። የፋብሪካ ሰርቪስ ሠራተኞችን በሚያወርድበት ቦታ ወይም ሠራተኞች ቡና በሚጠጡበት ቤት በትሕትና የጠየቀ ሰው የሚከለክለው የለም። የመሥሪያ ቤቱን ምስጢር ሳይሆን ሥራው ምን እንደሚመስል ይጠይቁ፦ ቀኑ እንዴት ይጀመራል፣ ቆጠራ የሚደረገው መቼ ነው፣ ለሠራተኛው የሚከብደው ምንድን ነው። የሰሙትን ግን በቃለ መጠይቁ ላይ «እገሌ ነገረኝ» ብለው አይጥቀሱት፤ ውለታ የዋለልዎትን ሰው ያስቸግሩታል።

ሦስተኛ፦ የራስዎን ሥራ ይሰብስቡ

የመመሪያው ዋና ክፍል ይህ ነው፤ ጊዜ የሚሰጡት ለአንድ ነገር ብቻ ከሆነ ለዚህ ይስጡት።

ደብተር ይያዙና እርስዎ ራስዎ የሠሯቸውን፣ መጀመሪያና መጨረሻ ያላቸውን አምስት ወይም ስድስት ድርጊቶች ይጻፉ። ለእያንዳንዱ አራት ነገሮችን ያስቀምጡ፦ ቦታውና ጊዜው፣ የነበረው ችግር፣ እርስዎ በእጅዎ ያደረጉት፣ የተገኘው ውጤት። አስቸጋሪው ሦስተኛው ነው። ሁላችንም «ተደረገ» እና «አደረግን» ማለት ስለሚቀናን፣ ሰሚው ከሥራው ውስጥ የእርስዎ ድርሻ የቱ እንደሆነ መለየት ያቅተዋል።

ልዩነቱን በምሳሌ እንየው። አንድ አመልካች «በልምምድ ጊዜ በጤና ጣቢያ የንብረት ክፍል ነበርሁ፤ ገቢና ወጪ እንመዘግብ ነበር፤ ጥሩ ልምድ አግኝቻለሁ» አለ እንበል። ውሸት የለበትም፤ ነገር ግን ጠያቂው የሚጽፈው ነገር አላገኘም። ያው ሰው ያንኑ እውነት እንዲህ ሊናገረው ይችል ነበር፦ «ለሁለት ወር በጤና ጣቢያ የንብረት ክፍል ተለማምጃለሁ። በቢን ካርዱ፣ ማለትም የዕቃው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ በሚመዘገብበት ካርድ ላይ ያለው የጓንት ብዛት ከመደርደሪያው ጋር አልገጥም አለ። ኃላፊዋን አስፈቅጄ የሦስት ወሩን የሞዴል 22 ሰነዶች አንድ በአንድ ከካርዱ ጋር አመሳከርሁ፤ አራት ወጪዎች ሳይመዘገቡ መቅረታቸውን አገኘሁ። ካርዱን ኃላፊዋ አስተካከሉት፤ ከዚያ በኋላ ዕቃ በወጣ በዚያው ሰዓት እንድንመዘግብ አዘዙ።» በዚህ ውስጥ ጉራ የለም። ኃላፊዋ በክብር ተጠቅሰዋል፤ ማስፈቀዱም፣ የማስተካከሉ ሥልጣን የማን እንደሆነም ተነግሯል። ሆኖም ሰነድ ማመሳከር የሚችል፣ ሥልጣኑን የሚያውቅና ታማኝ ሰው መሆኑን ሰሚው ያለ ማብራሪያ ይረዳል። «ታማኝ ነኝ» ብሎ አሥር ጊዜ ከመናገር ይህ አንድ ታሪክ ይበልጣል።

ቁጥር ባለበት ሁሉ ቁጥሩን ይጥቀሱ፤ የማያስታውሱትን ቁጥር ግን ፈጽሞ አይፍጠሩ። የኮሚቴ አባላት ብዙውን ጊዜ በሙያው የቆዩ ሰዎች ስለሆኑ፣ «በምን ዓይነት ሰነድ አረጋገጥኸው?» የሚል አንድ ተከታይ ጥያቄ የተፈጠረውን ቁጥር ያፈርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ እውነት የሆነውም መልስዎ አይታመንም።

ገና የተመረቁና «0 ዓመት» በሚል መደብ የሚያመለክቱ ወጣቶች «እኔ ምንም አልሠራሁም» ይሉኛል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል አይደለም። ሰኞ ገበያ በእናቱ ሱቅ የዱቤ መዝገብ የያዘ ልጅ የሰው ገንዘብና የሰው ስም በጽሑፍ ጠብቋል፤ መዝገቡን እንዴት እንደያዘ፣ «አልወሰድሁም» ያለ ደንበኛ ሲያጋጥመው ምን እንዳደረገ መናገር ይችላል። የእድር ጸሐፊ ሆና አባቷን የረዳች ልጅ ድንኳንና ወንበር ቆጥራ አስረክባለች፤ ቆጥራም ተረክባለች። ይህ የግምጃ ቤት ሥራ ነው። የመስጊድ ጀመዓ ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት ገንዘብ ያዥነት፣ የክፍል ተጠሪነት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ መረጃ መሰብሰብ ሁሉ በትክክል ከተነገሩ ይመዝናሉ። ልክ መጠበቅ ግን ያስፈልጋል፤ የእድር ወንበር መቁጠርን «የንብረት አስተዳደር ልምድ» ብሎ ማጋነን ያስተዛዝባል፤ እንደሆነው መናገር ግን ያስከብራል።

በዚህ አካባቢ ላሉ ብዙ ሰዎች ስለሚያስፈልግ አንድ ጉዳይ ልጨምር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ፋብሪካዎችና መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፤ ብዙ ሰው ከሥራው ተቋርጧል፤ ሰነዱ የጠፋበትም አለ። በሲቪዎ ላይ በዚህ ምክንያት ክፍተት ካለ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቀው ሁለት ዓረፍተ ነገር ያዘጋጁ፦ አንዱ ምን እንደሆነ፣ ሌላው በዚያ ጊዜ ምን እንደሠሩ። «የምሠራበት ድርጅት ሥራ በማቆሙ ከሥራ ወጣሁ፤ እስኪከፈት ድረስ በዘመድ ሱቅ ሠራሁ» ማለት በቂ ነው። የደረሰብዎ ከባድ ከሆነ የመዘርዘር ግዴታ የለብዎትም፤ ጠያቂዎቹም ባለ አገር በመሆናቸው ይረዱታል። የጠፋ የትምህርት ማስረጃ ካለ ግን ቀኑ እስኪደርስ ሳይጠብቁ ወደ ተማሩበት ተቋም ሬጅስትራር ያመልክቱ።

አራተኛ፦ ለሚመጡ ጥያቄዎች ይዘጋጁ

«ራስዎን ያስተዋውቁ» የሚለው ጥያቄ ቀላል ስለሚመስል ብዙ ሰው ሳይዘጋጅበት ይገባና ከትውልድ ቦታው ጀምሮ የሕይወት ታሪኩን ይተርካል። ስምዎን፣ የተማሩትን፣ ከሥራው ጋር የሚገናኘውን አንድ ልምድና ለምን እንዳመለከቱ ይናገሩና በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይጨርሱ።

«ለምን እዚህ ማመልከት ፈለጉ?» ለሚለው «ሥራ ስለሌለኝ» ማለት እውነት ቢሆንም መልስ አይደለም፤ በሁለተኛው ደረጃ ስለ ድርጅቱ ያወቁት ነገር የሚያገለግለው እዚህ ነው። «ድክመትዎ ምንድን ነው?» ሲባል ደግሞ «ሥራ ሳልጨርስ አላርፍም» የሚለውን በየቦታው የሚሰማ መልስ ይተዉት። እውነተኛ የሆነ፣ ሥራውን የማያበላሽና እያስተካከሉት ያለ ነገር ይንገሯቸው፤ ለምሳሌ ኤክሴል ላይ ዘገምተኛ መሆንዎንና በየምሽቱ የቆጠራ ሠንጠረዥ እየሠሩ መለማመድዎን።

በሥራው ላይ ለሚመጡ ጥያቄዎች የግምጃ ቤቱን ምሳሌ ልቀጥል። «የሚያውቁት አለቃ ያለ ሰነድ ዕቃ አውጣ ቢሉዎት ምን ያደርጋሉ?» የሚል ጥያቄ በዚህ መደብ ላይ የማይቀር ነው ብዬ አስባለሁ። ጠያቂው የሚፈልገው ድፍረትዎን ሳይሆን ሥርዓቱንና አክብሮቱን አብረው መያዝዎን ነው። መጠየቂያው ተፈርሞ እንዲመጣ በትሕትና እንደሚጠይቁ፣ ጉዳዩ አስቸኳይ ከሆነ ለቅርብ ኃላፊዎ ደውለው እንደሚያሳውቁ፣ ያለ ፊርማ የወጣ ዕቃ በቆጠራ ጊዜ በእርስዎ ላይ እንደሚቆጠር እንደሚያውቁ ይናገሩ። «የሚያረጅ ዕቃ እንዴት ይወጣል?» ለሚለው ደግሞ ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንደሚወጣ፣ የአገልግሎት ዘመን ያለው ዕቃ ከሆነ ግን ቶሎ የሚያልፍበት መቅደም እንዳለበት ለይተው ይመልሱ። ይህን ልዩነት ያለ ማመንታት የሚናገር አመልካች ሲገጥመኝ ደስ ይለኛል።

«ደሴ ሆነው ኮምቦልቻ እንዴት ይመላለሳሉ?» የሚለውም ይመጣል። የመጀመሪያው ፈረቃ በጠዋት የሚገባበት ፋብሪካ ከሆነ ሰርቪሱ ደሴ ድረስ ይመጣ እንደሆነ አስቀድመው ያጣሩና ተጨባጭ መልስ ይያዙ። «ኮምቦልቻ ቤት እከራያለሁ» የሚሉ ከሆነም ኪራዩን ከሚጠብቁት ደመወዝ ጋር አስልተው ይሁን።

ሴት አመልካቾች «አግብተሻል? ለመውለድ ታስቢያለሽ?» ተብለው የሚጠየቁበት ጊዜ አለ። ይህ አግባብ አይደለም፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በጾታ፣ በሃይማኖትና በመሰል ምክንያቶች ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። በዚያች ሰዓት ክርክር መግጠም ግን የሚከብድ በመሆኑ፣ «በማስታወቂያው በተገለጸው የሥራ ሰዓት ለመገኘት የሚያግደኝ ነገር የለም» ብሎ በእርጋታ ወደ ሥራው መመለስ ክብርንም ዕድልንም የሚጠብቅ መልስ ነው።

አምስተኛ፦ ድምፅ አውጥተው ይለማመዱ

በልብ የታሰበ መልስ በአፍ ሲወጣ ሌላ ነው። የጻፏቸውን ታሪኮች በስልክዎ ድምፅ መቅጃ እየቀዱ ይናገሯቸውና ያዳምጧቸው፤ ድምፅዎ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ የሚጠፋ ከሆነ ያኔ ይሰማዎታል። ቃል በቃል አይሸምድዱ፤ የሸመደደ ሰው አንድ ቃል ሲጠፋበት ሁሉም ይጠፋበታል። ከዚያ ታላቅ ወንድምዎ ወይም የሚያከብሩት ጎረቤት ጠያቂ ሆነው እንዲቀመጡልዎ ይለምኑ። ጓደኛ ፊት መለማመድ ሳቅ ስለሚያበዛ፣ በእውነት የሚያከብሩት ሰው ፊት መናገር ለኮሚቴው ፊት ይበልጥ ያዘጋጃል።

በባንኮች፣ በፓርኩ ኩባንያዎችና ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ቃለ መጠይቁ በከፊል በእንግሊዝኛ ሊሆን ይችላል። ከታሪኮችዎ ሁለቱን በቀላልና አጭር እንግሊዝኛ መናገር ይለማመዱ። ጠያቂው የውጭ ዜጋ ሆኖ አስተርጓሚ ካለ ደግሞ አንድ ሐሳብ ከተናገሩ በኋላ ቆም ይበሉ፤ ዓይንዎንም ከአስተርጓሚው ይልቅ ወደ ጠየቀዎት ሰው ያድርጉ።

ስድስተኛ፦ ሰነድዎን ያሰናዱ

የትምህርት ማስረጃ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የመውጫ ፈተና ወይም የብቃት ማረጋገጫ ውጤት እንደ ደረጃዎ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤና ከቀድሞ መሥሪያ ቤት ክሊራንስ ካለ፣ የቀበሌ ወይም የፋይዳ መታወቂያ፣ ሲቪ። ዋናውንና ኮፒውን ለየብቻ በአንድ ማኅደር ያድርጉ። ኮፒው ማታውኑ ይሠራ፤ ጠዋት መብራት ቢጠፋ ፎቶ ኮፒ ቤቱ አይረዳዎትምና። ዋናው ማስረጃ ታይቶ ይመለስ እንጂ ሌላ ሰው ዘንድ አይደር። «ሥራውን አስገባሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ከመጣም፣ ማን ያውቀዋል ቢባል እንኳ፣ ገንዘብዎንም ሰነድዎንም አይስጡት።

ሰባተኛ፦ ቀኑንና ሰዓቱን ያረጋግጡ

ጥሩ አመልካቾች በአንድ ቀላል ነገር ዕድላቸውን ሲያጡ ስላየሁ በዚህ ላይ እቆያለሁ። በስልክዎ «ማክሰኞ 9፡00» የሚል መልእክት ቢደርስዎ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ግን ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። በስድስት ሰዓት መሳሳት ማለት ነው። የቀኑም እንደዚያው ነው፤ በቁጥር ብቻ የተጻፈ ቀን በየትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደሆነ አይታወቅም። ደውለው «ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው ማለት ነው?» ብለው ያረጋግጡ፤ ማንም እንደ ድክመት አይቆጥርብዎትም። የተሰጠዎት ሰዓት ከጁምዓ ሰላት ወይም ከማይቀር የሃይማኖት ግዴታ ጋር የሚጋጭ ከሆነም ይኸው ጥሪ የሚነገርበት ጊዜ ነው። በሁለቱም ከተሞች ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ የሚኖር በመሆኑ ቀድሞ የተነገረ ምክንያት ብዙውን ጊዜ ይስተናገዳል፤ በዕለቱ የተነገረ ግን ሰበብ ይመስላል።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም በርቀቱ ብቻ አይለኩት። መንገዱ በሐረጎ እየተጠማዘዘ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ ነው፤ ከባድ መኪና ይበዛበታል፤ በክረምት ጉም ሲወርድ ደግሞ ሁሉም ቀስ ይላል። ሚኒባሱ እስኪሞላ የሚጠብቁትን ጊዜ፣ ከወረዱ በኋላ በባጃጅ የሚሄዱትን፣ በበር ላይ ጥበቃው ስም የሚመዘግብበትን ሁሉ ደምረው ከቀጠሮው ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ። ቢቻል ከዚያ በፊት በሌላ ቀን ሄደው በሩን ይዩት። ደሴ በብርድ የለበሱት ወፍራም ሹራብ ኮምቦልቻ ሲደርሱ ያልብዎታል፤ ስለዚህ በቀላሉ የሚወልቅ ኮት ወይም ጃኬት ከንጹሕ ሸሚዝ በላይ ይበቃል። ልብሱ አዲስ መሆን የለበትም፤ የታጠበና የተተኮሰ፣ ጫማውም የተጠረገ ይሁን።

ስምንተኛ፦ በክፍሉ ውስጥ

ስልክዎን ያጥፉ። ሲገቡ ጎንበስ ብለው ለሁሉም ሰላምታ ይስጡ፤ እጅ ለመጨበጥ እርስዎ አይቅደሙ፤ ከዘረጉልዎ ይጨብጡ። በሃይማኖት ምክንያት ተቃራኒ ጾታን የማይጨብጡ ከሆነ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት እዚህ አካባቢ ሁሉም የሚረዳው ጨዋ ሰላምታ ነው። «ይቀመጡ» እስኪባሉ ይቁሙ። ጠያቂው በዕድሜ ቢያንስዎትም «እርስዎ» ይበሉ፤ ጠያቂዎቹ «አንተ» ወይም «አንቺ» ቢሉዎትም እንኳ አነጋገርዎን አይለውጡ።

ዓይንን ስለማሳረፍ ብዙ ይባላል። እኔ የምመክረው ይህን ነው፦ ጥያቄ ሲጠየቁ ወደ ጠየቀዎት ሰው ይመልከቱ፤ ሲመልሱ ከእሱ ጀምረው ሌሎቹንም አልፎ አልፎ ይመልከቱ። ማፍጠጥ አያስፈልግም፤ ወለል ወለሉን ማየት ግን በእኛ ዘንድ አክብሮት ቢሆንም በሌላ ባህል ላደገ ጠያቂ መደበቅ ሊመስለው ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የኮሚቴ አባላት እያንዳንዳቸው በተለየ ወረቀት ነጥብ ስለሚሰጡ፣ ሲጽፉ ቢያዩ አይረበሹ፤ የሚጽፉት መልስዎን ነው።

ጥያቄው ካልገባዎት «ይቅርታ፣ ጥያቄውን ቢደግሙልኝ?» ይበሉ። መልሱን ካላወቁ ደግሞ የማያውቁትን ብቻ ሳይሆን የሚያውቁትን ድንበርም ይንገሯቸው፦ «በዚህ ሶፍትዌር አልሠራሁም፤ በቢን ካርድና በስቶክ ካርድ ግን ሠርቻለሁ፤ የምዝገባው መርሕ አንድ በመሆኑ ለመልመድ ብዙ ጊዜ አይወስድብኝም።» ስለ ቀድሞ አለቃዎ ክፉ አይናገሩ፤ በደል ደርሶብዎት ቢሆን እንኳ ሰሚዎቹ ነገ ስለ እነሱም እንዲህ እንደሚሉ ያስባሉ።

ዘጠነኛ፦ ደመወዝ

የመንግሥት መደብ ደመወዙ በደረጃ የተወሰነ ስለሆነ ድርድር የለውም። በግል ድርጅት ግን «ምን ያህል ይጠብቃሉ?» ይባላሉ፤ «እንደ ድርጅቱ አሠራር» የሚለው መልስ በስምምነት ስም ራስን ማሳነስ ነው። ለተመሳሳይ መደብ በአካባቢው ምን እንደሚከፈል ጠይቀው አንድ ክልል ይያዙ፤ የሚናገሩት ያልተጣራው መሆኑንም ይግለጹ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር መሠረት የወር ደመወዝ እስከ 2,000 ብር ነፃ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ከ15 በመቶ እየጀመረ በየእርከኑ ያድጋል። ያልተጣራ 9,000 ብር ከሆነ ግብሩ 1,400 ብር ይሆናል፤ ለጡረታ ከሠራተኛው የሚቀነሰው 7 በመቶ ደግሞ 630 ብር ነው፤ በእጅ የሚደርሰው 6,970 ብር ነው ማለት ነው። ድርጅቱ በበኩሉ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይጨምርልዎታል። ሰርቪስ፣ ምግብና የትርፍ ሰዓት ክፍያ መኖሩንም በዚሁ ጊዜ መጠየቅ ነውር አይደለም።

አሥረኛ፦ ከቃለ መጠይቁ በኋላ

«ጥያቄ አለዎት?» ሲባሉ «የለኝም» አይበሉ፤ ቢያንስ ውጤቱ መቼና በምን መንገድ እንደሚገለጽ ይጠይቁ፦ በስልክ ነው፣ በሰሌዳ ነው? በዚያው ምሽት የተጠየቁትን ሁሉ በደብተርዎ ይጻፉ፤ በተለይ ያልመለሱትን። በሁለቱ ከተሞች ተመሳሳይ መደቦች ደጋግመው ስለሚወጡ፣ ይህ ደብተር ለሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ ይጠቅማል። ካላለፉ፣ የጎደለዎት ምን እንደሆነ የሰው ሀብት ክፍሉን በአክብሮት ይጠይቁ፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ ውጤቱ ላይ ቅሬታ ካለዎት ማቅረቢያው ጊዜ ሳያልፍ በጽሑፍ ያቅርቡ።

ካለፉም ውሉን ሳያነቡ አይፈርሙ። በግል ድርጅት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን ያለበትና በአዋጅ 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የሌለበት ስለሆነ፣ ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ተጽፎ ካዩ ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ። የሥራ መደቡ፣ ደመወዙ፣ የሥራ ቦታውና ፈረቃው በማስታወቂያው ፎቶ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን ያመሳክሩ፤ የፈረሙትንም አንድ ቅጂ ተቀብለው ከሰነድ ማኅደርዎ ውስጥ ያስቀምጡ።